ደሜ ደባርቅ፣ መድኃኒቴ ዳባት

ዋሴ እባላለሁ፤ ዕድሜዬ ስልሳ ዘጠኝ ነው። ከዳባት እስከ ደረስጌ ባለው አገር የቆመ የወፍጮ ሞተር የሚያስነሣ ሰው ብትጠይቁ የሚነገራችሁ የእኔ ስም ነው። ባለ ዲፕሎማ መካኒኮች "ይህስ አልቆለታል" ብለው የተዉትን ሞተር አምቢኮ ድረስ በበቅሎ ተወስጄ በአንድ ቀን ተኩል አስነሥቻለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ማንበብ የቻልሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ወታደር ወንድሜ የላከልኝን ደብዳቤ ለሌላ ሰው ማስነበብ አሳፍሮኝ፣ በቃሌ ከማውቀው ዳዊት ጋር እያስተያየሁ ፊደሉን አንድ በአንድ ፈታሁት። የእንግሊዝኛውን ፊደል ደግሞ ሞተር ላይ ከተለጠፈ ቆርቆሮ ለቀምሁት። ዛሬ ከመድኃኒት ጋር የሚመጣውን ወረቀት ዘርግቼ የሚበጀኝን ማውጣት እችላለሁ።

ይህን ያስቀደምሁበት ምክንያት አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ተሳስቶ ሊሞት ከነበረ፣ ከእኔ ያነሰ ሰውማ ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል።

እኔና ባለቤቴ የሺ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጀመርን አሥራ ስድስት ዓመታችን ነው። ከየት መጣ የሚለውን ለሁለታችን ተዉልን፤ አልቅሰንበት ታርቀንበታል። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ አልዘለልሁም። ደም በሰጠሁ ቁጥር "ቫይረሱ አይታይም" ይሉኛል። መድኃኒቱ ስለ ገዛው መሣሪያው ሊቆጥረው አልቻለም ማለት ነው እንጂ ጨርሶ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ከእኔ ጋር መድኃኒቱን ከጀመሩት መካከል እንደ እኔ የጠነከረ አላየሁም።

ቤታችን ደባርቅ ነው፤ መድኃኒቱን የምንወስደው ግን ዳባት ነበር። እኔ ሰው እህሉን የሚያስፈጭበትን ማሽን የምነካ ሰው ነኝ። በሽታው በዱቄት እንደማይተላለፍ እኔ አውቃለሁ፤ ከወፍጮ ቤት በር ላይ ቁና ይዘው የተሰለፉት ሁሉ ግን ያውቃሉ ብዬ መተማመን አልቻልሁም። እንዲህ የሚያደርገው እኔ ብቻ አልነበርሁም። የዳባት ሰዎች ለዚሁ ወደ ደባርቅ ይመጣሉ፤ ሚኒባሶቻችን መንገድ ላይ ይተላለፋሉ።

ስለዚህ ሁለት ካርድ ነበረኝ። ሆዴን ሲቆርጠኝ፣ ጉልበቴን ሲያመኝ ደባርቅ እታከማለሁ፤ ስለ ቫይረሱ ዳባት እሄዳለሁ። አንዱ ስለ ሌላው እንዳያውቅ አሥራ ስድስት ዓመት ጠበቅሁ። አንዲቷ ልጃችን ትርንጎ እንኳ አታውቅም ነበር፤ ባሏን ይዛ የምትኖረው ከእኛ ቤት ሁለት አጥር አልፋ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ በዐቢይ ጾም መግቢያ ነው። ኑርሁሴን የሚባል የድብ ባሕር ወፍጮ ባለቤት አስጠራኝ፤ ሃያ ዓመት ያህል ደንበኛዬ የሆነ፣ ሞተሩ ሲቆም ብቻ የምናፍቀው ሰው ነው። ሞተሩን አስተካክዬ የማስነሻውን እጀታ ሁለት ጊዜ አዞርሁና ቆምሁ። ልቤ ደረቴን ትቶ ጆሮዬ ውስጥ የሚመታ መሰለኝ።

"አያ ዋሴ፣ ጾሙ በሁለተኛ ቀኑ ጣለዎት እንዴ?" አለ ኑርሁሴን እየሣቀ። "እኔ በረመዳን እንዲህ ብሆን ሚስቴ ከቤት ታስወጣኝ ነበር።"

"የጣለኝ ያንተ ሞተር ነው፤ እንደ ባለቤቱ ገግሟል" አልሁት።

እሱ ራሱ አዞረውና አስነሣው። እኔ ቆሜ ባለ ሞተሩ ሞተሩን ሲያስነሣ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ባሰ። ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለችውን ዳገት ሦስት ቦታ አርፌ እወጣት ጀመር። ምላሴ ለስልሶ እንደ ተወለወለ ሰሃን ሆነ፤ በርበሬ ባቀረቡልኝ ቁጥር ያቃጥለኛል። ጥፍሮቼ መካከላቸው ጎድጉዶ ጠርዛቸው ተነሣ፤ ውሃ ጠብ ቢልባቸው የሚያቁር ይመስላል። ከሁሉ የገረመኝ ግን የአፈር አምሮት ነው። የሺ ወለሉን ውሃ ስትረጨው ሽታው ያስጎመጀኛል። አንድ ቀን ከግድግዳው ጥግ የጭቃ ቁራጭ ፈልቅቄ አፌ ውስጥ ስከት ደረሰችብኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ አረገዝህ እንዴ?" አለች።

ሣቅን። ቀጥላ የዓይኔን ቆብ ወደ ታች ሳብ አድርጋ ስታይ ግን ሣቋ ቆመ። "ውስጡ እንደ ነጠላ ነጥቷል" አለችኝ።

ደባርቅ ውስጥ ሦስት ክሊኒክ ዞርሁ፤ ስማቸውን አልጠራም። የመጀመሪያው ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብሎ ሳምንት ሙሉ መርፌ ወጋኝ። ሁለተኛው ጨጓራ ነው ብሎ ነጭ ሽሮፕ ሰጠኝ። በእነዚያ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ቁጭ ብዬ ያሳለፍኋቸው ከሰዓት በኋላዎች ብዛት! ከጎኔ የተቀመጠው ሁሉ ያውቀኛል፤ "ምን ሆነህ ነው?" ይለኛል፤ "ጉንፋን" እላለሁ። በሦስተኛው ክሊኒክ አንዲት ልጅ ደሜን መርምራ "አባባ፣ ደም ማነስ ነው፤ ከየት እንደሚጎድል ሆስፒታል ሄደው ይታዩ" አለችኝ። ከሁሉ ይልቅ እሷን ባለማዳመጤ ዛሬ አዝናለሁ። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

በሦስቱም ቦታ "የሚወስዱት መድኃኒት አለ?" ብለውኛል። በሦስቱም ቦታ "የለም" ብያለሁ።

አሁን የራሴን ሕክምና ልንገራችሁ፤ የዚህ ጽሑፍ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነውና።

ደም ብረት እንደሚፈልግ አንብቤ አውቃለሁ። ብረት ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ትርንጎ ነፍሰ ጡር ሳለች የሰጧት ቀይ የብረት ኪኒን ተርፏት ነበር፤ "ለእናትሽ ነው" ብዬ ወሰድሁባት። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ደግሞ ከመድኃኒት መደብር የምገዛው ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ አለ፤ ከዓመት በላይ ወስጄዋለሁ። ሦስተኛው የኤችአይቪው መድኃኒት ነው። በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውሃ አልቀምስም። ኪኒን እየቆጠሩ በየሰዓቱ ጾምን መስበር አልወደድሁም። ስለዚህ ሥርዓት አወጣሁ፦ ሁሉንም ጎሕ ሲቀድ አንድ ላይ በባዶ ሆዴ፣ በአንድ ጉንጭ ጠበል መዋጥ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነኝ። ይህን ሥርዓት በማውጣቴ ኰርቼ ነበር። ጾሙ ሲፈታም ስለ ለመድሁት አልተውሁትም።

ሰገራዬ እንደ ሬንጅ ጠቁሮ ነበር። በጾሙ ወቅት "የበላሁት ኑግ ነው" አልሁ። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ "የብረቱ ኪኒን ነው" አልሁ፤ ያጠቁራል የሚል አንብቤ ነበርና። ለሁሉም መልስ ነበረኝ።

በሰኔ እንደገና ድብ ባሕር፣ ኑርሁሴን ወፍጮ ቤት ነበርሁ። ሞተሩ እየሠራ ነው። ቺንጋው፣ ያ ሞተሩንና ወፍጮውን የሚያገናኘው ሰፊ ቀበቶ፣ ከጎኔ ይሽከረከራል። መጥበቁን ለማየት ጎንበስ አልሁ። ከዚያ የማስታውሰው የወፍጮው ድንጋይ ድምፅ እየራቀ መሄዱን ብቻ ነው። ኑርሁሴን በኋላ እንደ ነገረኝ ወደ ቺንጋው ስወድቅ በኮቴ አንገትጌ ይዞ ወደ ኋላ ጣለኝ። ኮቴ ተቀደደ። እጄ ከቺንጋው አንድ ስንዝር አልራቀም ነበር።

"አያ ዋሴ፣ አላህ ያውቃል፣ ዱቄት ሊሆኑ ነበር" እያለ ደግፎ አስነሣኝ። የጫነውን እህል አራግፎ በራሱ አይሱዙ ደባርቅ ሆስፒታል አደረሰኝ።

የሺ መጣች፤ ትርንጎም ልጇን አዝላ እየሮጠች መጣች። አንድ ወጣት ሐኪም የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየና ደም አስቀዳኝ። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አባባ፣ ሄሞግሎቢንዎ አምስት ነጥብ ሁለት ነው" አለኝ። ሄሞግሎቢን በደም ውስጥ ሆኖ አየሩን ለሰውነት የሚያደርስ ቀይ ነገር ነው። "በእርስዎ ዕድሜ ያለ ወንድ ከአሥራ ሦስት በታች መውረድ የለበትም፤ ደጋ ላይ ለሚኖርማ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ደም ቁጭ ብለው ማውራትዎ ራሱ ይገርመኛል።"

"እኔን አታውቀኝማ" አልሁት።

"ጥቂት ጥያቄ አለኝ። ልጅዎ ውጭ ትጠብቅ?"

"ከልጄ የምደብቀው ምን አለኝ? ጠይቅ።"

ከተናገርሁት ነገር ሁሉ መልሼ ልውጠው የምፈልገው ይህን ነው።

"የሚወስዱት መድኃኒት አለ?"

"የለም።"

"ማስታገሻስ? ለወገብ፣ ለጉልበት?"

"ጤነኛ ነኝ ስልህ።"

"ሰገራዎ ጠቁሮ ያውቃል?"

"ማን ያየዋል?"

ሐኪሙ ብዕሩን አስቀመጠ። "እንግዲያው ደም ከመስጠታችን በፊት ሌሎች ምርመራዎች እናደርጋለን። ፈቃድዎ ከሆነ የኤችአይቪም…"

ትርንጎ አላስጨረሰችውም። "ምን ነካህ ዶክተር? አባቴ ቆራቢ ነው! በዚህ ሽበት እንዲህ ተብሎ ይጠየቃል? ሰው አታዩም እንዴ እናንተ?"

የሺ ከእግሬ ሥር ተቀምጣ ነበር። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና ወደ ወለሉ አየች። እኔም ዝም አልሁ። ሐኪሙ ፈቃድ ይጠይቃል እንጂ አያስገድድም፤ "ይቅር" አልሁት፤ ቀረ።

ሁለት ከረጢት ደም ሰጡኝ። ከረጢቱ ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። ያን የማላውቀውን ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ በጸሎቴ አልረሳሁትም። በሦስተኛው ቀን ስወጣ ሐኪሙ ጎንደር ሄጄ ጨጓራዬን በካሜራ እንድታይ ወረቀት ጻፈልኝ፤ ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ የምውጠው የብረት ኪኒንም ጨመረልኝ። ጎንደር ብሄድ እንደገና ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል ብዬ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። የጠዋቱንና የማታውን ኪኒን ደግሞ በራሴ ሥርዓት ሁለቱንም ጎሕ ሲቀድ መዋጥ ጀመርሁ።

በፍልሰታ ጾም ማግሥት እኔና የሺ የዳባት ቀጠሯችን ደረሰ። ዳባት ለዓመታት የምትከታተለን ሲስተር ማኅሌት የምትባል ነርስ ናት። ቀደም ብለን የሰጠነው ደም ውጤት መጥቶ ነበር፤ የየሺን አስቀድማ አየች፤ "አይታይም፣ እንኳን ደስ አለሽ" አለቻት። የእኔን ወረቀት ስታይ ግን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

"አባባ ዋሴ፣ ቫይረሱ ታየ። ብዙ ነው።"

"መሣሪያው ተሳስቷል።"

"ስንት ቀን ዘለሉ?"

"እኔ?" ብዬ ተነሣሁ፤ ዞረብኝና መልሼ ተቀመጥሁ። "አሥራ ስድስት ዓመት! አንዲት ቀን ዘለለ ብለሽ ብትጽፊ እግዜር ይይልሽ።"

"ላምንዎት እፈልጋለሁ" አለች ቀስ ብላ። "ግን መድኃኒቱ ሆድዎ ከገባ ወዴት ይሄዳል?"

እጄን አንሥታ መዳፌን አየችው። "ደምዎስ ምን ሆነ?"

"እርጅና ነው።"

"እንግዲህ ይስሙኝ። ሦስት ወር አብረን እንከታተላለን፣ ከዚያ እንደገና እንመረምራለን። ካልወረደ መድኃኒቱ ይቀየራል። የመጀመሪያው ሳይሠራ ሲቀር ከሚሰጡት የሁለተኛ ረድፍ መድኃኒቶች አንዱ ደም የሚያሳንስ ነው። ደምዎ ሙሉ ቢሆን ይህን ያህል አልሠጋም ነበር። እንዲህ ነጥተው ሳይዎት ግን…" ብላ ተወችው።

ያልጨረሰችውን እኔ ጨረስሁት። ባይቀየርልኝ ቫይረሱ ይጨርሰኛል፤ ቢቀየርልኝ የቀረችኝ ደም ታልቃለች።

ከየሺ ጋር መናኸሪያ ሄደን ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥን። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ "ደባርቅ! አንድ ሰው የቀረው ደባርቅ!" ይላል። የሺ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

"አንድ ቤት፣ አንድ መድኃኒት። የእኔ አልታየም፤ ያንተ ታየ። አንተ ምን የተለየ ነገር ነው የምትውጠው?"

"ምንም።"

"የልጅቱ ቀይ ኪኒንስ? የጉልበቱስ? ለሲስተር ነገርሃት?"

"እሷን ምን አገባት? እሷ የቫይረሱ ናት። ደሙ የደባርቅ ነው።"

"ስትሞት ሁለት ሬሳ ይወጣሃል? አንዱን ዳባት፣ አንዱን ደባርቅ ልቅበር?" አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋ ሰለለ፤ "በዚያን ቀን ሆስፒታል ዝም ያልሁት እኔም ፈርቼ ነው። አሁን ግን ከዚያ ይልቅ ይህን ፈራሁ።"

የመጨረሻው ሰው ገባ። ረዳቱ በሩን ሊዘጋ ሲል "ወራጅ አለ" አልሁ።

"ፋዘር፣ ገና አልተነሣንም እኮ!"

"ስለዚህ ነው የምወርደው" ብዬ ወረድሁ፤ የሺም ተከተለችኝ።

ስንደርስ ሲስተር ማኅሌት ለምሳ በሩን እየቆለፈች ነበር። ኪኒኖቼን ሰው እንዳያገኛቸው ሁልጊዜ በፌስታል ይዤ ነው የምዞረው። ፌስታሉንም፣ የደባርቁን ካርድም፣ ያን የታጠፈ የጎንደር ወረቀትም ጠረጴዛዋ ላይ ዘረገፍሁት። ቁልፉ በሩ ላይ እንደ ተንጠለጠለ ተቀመጠች።

"እንዴት ነው የሚወስዷቸው?" አለችኝ። ሥርዓቴን ነገርኋት፦ ጎሕ፣ ባዶ ሆድ፣ ጠበል፣ አንድ ላይ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሰማችኝ።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ብረቱ? ከዐቢይ ጾም አጋማሽ።"

ከዚያ አስረዳችኝ፤ እኔም እንደ ገባኝ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። ይህ አሁን ብዙዎቻችን የምንወስደው የኤችአይቪ መድኃኒትና ብረት ባዶ ሆድ ውስጥ ከተገናኙ ይጣበቃሉ፤ መድኃኒቱ ወደ ደም ሳይገባ ከብረቱ ጋር ይወጣል። ከምግብ ጋር ቢሆን ይህን ያህል አይጎዳም፤ ካልሆነ ግን ሰዓታቸው ተራርቆ መወሰድ አለበት። እኔ በየቀኑ እየዋጥሁ በየቀኑ እንዳልዋጠ ሰው ነበርሁ ማለት ነው። የጉልበቱ ኪኒን ደግሞ ባዶ ጨጓራን እየፋቀ ያቆስላል። ሬንጅ የመሰለው ነገር ኑግም ብረትም አልነበረም፤ ደሜ ነበር።

"በዚህ ዕድሜ ያለ ወንድ ደሙ ሲያንስ ደም ከመጨመር በፊት ወዴት እየፈሰሰ ነው ተብሎ ነው የሚጠየቀው" አለች።

ሁለት ዓይነት ዘይት ቀላቅሎ ሞተር ያቃጠለ ሰው ስንቱን ሰድቤአለሁ! ያን ቀን ግን የሚሰደበው እኔ ነበርሁ፤ ሲስተር ደግሞ አልሰደበችኝም። "ለደባርቁ ሐኪም ደውዬ ሁሉንም ብነግረው ይፈቅዳሉ?" ብቻ አለችኝ። የሺን አየኋት። "ፈቅዷል" አለች የሺ።

ሐኪሙ ካወቀ ልጄ ከሌላ ሰው መስማት የለባትም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትርንጎን ቤት ጠራናት። የሺ አስቀድማ "የእኔንም ጨምረህ ንገራት" ብላኝ ነበር፤ ነገርኋት።

መጀመሪያ ያለችው "ከእኔ በፊት ነው በኋላ?" ነው።

"በኋላ። አንቺ ካደግሽ ከብዙ ጊዜ በኋላ።"

ልጇን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች። "ያን ዶክተር ሰደብሁት። ስለ አንተ ብዬ ሰው ፊት አዋረድሁት፤ አንተ ተኝተህ ታየኛለህ።"

"እውነትሽን ነው።"

"ኪኒኑስ? ለእማዬ ነው ያልኸኝ?"

"አዎ።"

"ስለዚህ በእጄ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ሞተህ ቢሆን ገዳይህ እኔ ነበርሁ፤ ሳላውቀውም እኖር ነበር።" ተነሥታ ወጣች። ሦስት ሳምንት ቤታችን አልመጣችም። ሁለት አጥር ማዶ ሆና የልጇ ድምፅ ይሰማናል፤ እሷ አትመጣም። ከሕመሙ ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ሌሊት ዓይኔን ስከድን የቺንጋው ስፋት ይመጣብኛል፤ ዓይኔን ስገልጥ የሷ ዝምታ።

የንስሐ አባቴም ጋ ሄድሁ። "ሲስተሯ ጠዋት ቁርስ ብላ አለችኝ፤ ነገ ዐርብ ነው" አልኋቸው።

"ቁርስህን በልተህ ና" አሉኝ።

"አባቴ፣ ስልሳ ዓመት ጾሜ…"

"ስልሳ ዓመት ጾመህ ሐኪም ዋሸህ። ይልቅ ስለ እሱ ስገድ። እንድትበላ ያዘዝሁህ እኔ ነኝ፤ ጠያቂ ካለ እኔን ይጠይቅ።" በሕይወቴ እንዲህ በአጭሩ የመለሰኝ ሰው የለም።

በመስከረም፣ መንገዱ ሰላም የሆነ ዕለት፣ ወደ ጎንደር ለመሄድ በጠዋት መናኸሪያ ደረስን። ትርንጎ ቦርሳዋን ይዛ ቆማለች።

"አልታረቅሁህም" አለችኝ። "ሐኪም ሲጠይቅህ እውነቱን የሚናገር ሰው ያስፈልግሃል ብዬ ነው።"

ጎንደር በአፌ ቀጭን ቧንቧ አስገብተው ጨጓራዬን አዩ። ሁለት ቁስል ነበር፤ አንዱ ገና ይደማ ነበር። ከቁስሉ ጫፍ ቆንጥረው ለምርመራ ወሰዱ፤ ክፉ ዕጢ እንዳይሆን ነው። ያን ውጤት ሁለት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ትርንጎ በየቀኑ እየመጣች ምንም ሳትናገር ቁርሴን አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ውጤቱ "ክፉ አይደለም" ያለ ዕለት ግን ልጇን ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው።

የጉልበቱ ኪኒን ቀረ። ለጨጓራዬ መድኃኒት ተሰጠኝ። ብረቱን ጠዋት በሦስት ሰዓት ከቁርስ በኋላ፣ የኤችአይቪውን ማታ በሦስት ሰዓት ከእራት በኋላ፤ የደባርቁ ሐኪምና የዳባቷ ሲስተር ተነጋግረው ያጸደቁት ይህ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ስሄድ ሐኪሙ "አሁን ገና ታካሚዬን አገኘሁት" አለኝ።

በኅዳር ለቫይረሱ ደም ሰጠሁ። መልሱ እስኪመጣ የነበረውን ጊዜ የደረሰበት ያውቀዋል። ጉልበቴ ሲመለስ ይሰማኛል፤ ምላሴ በርበሬ ቻለ፤ ግን ቫይረሱ ድምፅ የለውም፤ አዳምጦ የሚታወቅ ነገር አይደለም። በታኅሣሥ ዳባት ስንሄድ ሲስተር ማኅሌት ወረቀቱን ወደ እኔ አዞረችው። "ራስዎ ያንብቡት" አለች። አነበብሁት። ለየሺ ሰጠኋት፤ የሺ ማንበብ አትችልም፤ ፊቴን አይታ አለቀሰች። ቫይረሱ አይታይም። ደሜም አሥራ ሁለት ተኩል ገብቷል፤ ገና ይቀረዋል።

እንግዲህ በዚህ አንድ ዓመት ያደረግሁትን ልቁጠርላችሁ፤ ሁሉም ሰው የሚችለው አይደለም።

ሐኪም በጠየቀኝ ቁጥር የምውጠውን ሁሉ፣ ሽሮፕና የሐበሻ መድኃኒት ሳይቀር፣ ፌስታሉን ዘርግፌ አሳያለሁ። እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ ወረቀት አንብቤአለሁ አትበሉ።

ከቆርቆሮ ባለ ሁለት ክፍል የኪኒን ሣጥን ሠራሁ፤ ፀሐይ የተሣለበት ለጠዋት፣ ጨረቃ የተሣለበት ለማታ። ማንበብ ለማይችል ይሆናል። ሲስተር አይታው ለሌሎችም ሥራ ብላኝ እስካሁን ዘጠኝ ሠርቻለሁ።

ለኑርሁሴን በሽታዬን በራሴ አፍ ነገርሁት። "ታዲያ ሞተሩን መቼ ነው የሚያዩልኝ?" አለኝ።

ወሬው ተሰምቶ ሁለት ወፍጮ ቤቶች መጥራት ትተዋል። ሌሎቹ ይጠሩኛል። ሁለቱ ሞተራቸው ሲቆም እናያለን።

ዐርብና ረቡዕ ቁርስ በላሁ። ይህ ከሁሉ ከብዶኝ ነበር።

በመጨረሻም ፋይሌን ከዳባት አስወጥቼ ደባርቅ አስገባሁ፤ አሁን አንድ ካርድ ነው ያለኝ። የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ማክሰኞ፣ የገበያ ቀን ነበር፤ አግዳሚው ሞልቷል፤ ከተቀመጡት አራቱን እህላቸውን ስንት ጊዜ እንዳስፈጩ ሁሉ አውቃለሁ። ነርሷ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚሰጥበትን ክፍል በር ከፍታ ስሜን ከነአባቴ ጠራች። ሰዉ ዘወር አለ። ተነሣሁና "አለሁ" አልሁ።